«ጎሽ» ያለኝ ማን ነው?

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ስልኬን አውጥቼ የምነካካ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ «ማታ ምን በልተህ ነው የተኛኸው?» ብለው ከሚቀልዱት ወገን ነኝ፣ በዚያ ላይ ሥራዬ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ነው፣ ቀኑን ሙሉ የማየውም የምነካውም ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ ወይ ይተኩሳል ወይ አይተኩስም፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ስለዚህ የምነግራችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ እኔም ገና አላመንኩትም፣ ግን ዛሬ ጠዋት ነገሩ ስለተደገመ እጄ ሥራ አልይዝ ብሎኛል፣ ለሰው ካልተናገርኩት የሚቀለኝ አይመስለኝም። ደግሞ በጨለማ የሆነ እንዳይመስላችሁ፣ የጋምቤላ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ጋምቤላ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ የምሠራው የዱር እንስሳት ጉዳይ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው። ግምጃ ቤቴ ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የዱር እንስሳት ጠባቂዎቻችን፣ ስካውቶቹ፣ የሚይዟቸው ክላሾች ናቸው፣ ከእነሱ ሌላ አንድ ትልቅ የአደን ጠመንጃ አለ፣ ድሮ የውጭ አገር አዳኞች ትተውት የሄዱት፣ ካሊበሩ ሦስት ሰባ አምስት የሚባል፣ አንዱ ጥይት ብቻ የአመልካች ጣቴን የሚያክል። ጥይቱ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንደኛው አፍንጫው ላይ እርሳሱ የሚታይ፣ ሥጋ ሲመታ ተከፍቶ የሚሰፋ ነው፣ ሁለተኛው ጫፉ ድረስ በመዳብ የተለበጠ ድፍን ነው፣ እሱ አይከፈትም፣ ያገኘውን አጥንት ሰርስሮ ያልፋል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ነገሬ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው።

ጠመንጃውን በደንብ የሚተኩሰው ስካውታችን ኦኬሎ ነው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው አኙዋ፣ እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ ከበሮ የሚመታ፣ ጫካ ሲገባ ግን ኮቴው እንኳ የማይሰማ ሰው። እኔን «የወረቀት አዳኝ» ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ ስለ ካሊበርና ስለ ጥይት የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከመመሪያ ነው፣ በሕይወቴ የተኮስኩት ቆርቆሮ ጣሳ ላይ ብቻ ነው። እኔም አልተኛሁለትም፣ አንድ ጊዜ ዒላማ ልምምድ ላይ አምስቱንም ሲያስገባ ደስ ብሎኝ ከኋላው «ጎሽ!» ብዬ ብጮህ፣ ለእሱ ቃሉ እንስሳው ብቻ ነውና ዘወር ብሎ ጠመንጃውን ወደ ቁጥቋጦው ደገነ፣ ቢሮው በሙሉ ለስንት ወር ሳቀበት፣ ይህንንም ያዙልኝ።

ባለፈው በጋ አንድ ብቻውን የሚዞር ወንድ ጎሽ በአቦቦ መንገድ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አለፍ ብሎ ባለ መንደር አጠገብ ሰፈረ። አንዱ በክላሽ መትቶ አቁስሎት ኖሮ ክፉኛ ተናዷል፣ ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱበትን መንገድ ዘጋባቸው፣ ጭራሽ አንድ ሰው ጭኑን ወግቶ ሆስፒታል አስገባው፣ ያ ሰው ደግሞ የኦኬሎ እኅት የአጁሉ ባል ነው። እንዲገደል ፈቃድ ተጻፈ፣ ተኳሹ ኦኬሎ ሆነ፣ ጠመንጃና ጥይት መርጦ አውጥቶ፣ አብሮ ሄዶ፣ መልሶ የሚያስገባው ደግሞ እኔ።

«ክላሽ አይሆንም» አለኝ ጠዋት ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ። «ክላሽ እሱን ማናደድ ብቻ ነው። ትልቁን ስጠኝ። ሶሊድ ስጠኝ።»

ሶሊድ የሚለው ድፍኑን ነው፣ እርሳስ አፍንጫውን ደግሞ ሶፍት ይለዋል።

«ትልቁንማ እሰጥሃለሁ፣ ጥይቱ ግን እርሳስ አፍንጫው ነው የሚሻለው» አልኩት፣ «ውስጥ ገብቶ ይከፈታል፣ ጉዳቱ ይበልጣል፣ ድፍኑ አልፎት ሄዶ ከኋላ ያለ ሰው ቢመታስ?»

«ሶፍት?» ሳቀ። «ሶፍት አፍንጫ መጥረጊያ ነው። እሱ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው፣ ይርጋ። አጥንቱ ወፍራም ነው። ሶፍት ቶሎ ይከፈታል፣ እዚያው ይቀራል። ከዚያ እኔም እዚያው እቀራለሁ።»

«መመሪያው ላይ…»

«መመሪያ የጻፈው ሰው ጎሽ አይቷል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ ልክ እንደሆነ ሆዴ ያውቅ ነበር፣ ግን ሾፌሩ ቆሞ እየሰማ ስለነበር እልህ ያዘኝ፣ «ኃላፊው እኔ ነኝ» ብዬ በሩን ዘጋሁበት። የጥይት ሳጥኖቹ ቁልፍ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው የሚውለው፣ ለቤቴ ሰው እንኳ ሰጥቼው አላውቅም። የእርሳስ አፍንጫውን ሳጥን ከፍቼ ሦስት ፍሬ አወጣሁ፣ ጠመንጃው የሚጎርሰው ሦስት ነው፣ ሸሚዜ ኪስ ከትቼ ሳጥኑን መልሼ ቆለፍኩት፣ ይኼኔ ከጆሮዬ ኋላ አንድ ሰው «ጎሽ» አለኝ።

ጩኸት አይደለም፣ ረጋ ያለ የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ልጅ ጥያቄ ሲመልስ አጎቱ እንደሚለው ዓይነት። ኦኬሎ ተሸንፎ የገባ መስሎኝ «አሁን ገባህ አይደል?» እያልኩ ዞርኩ፣ ማንም የለም፣ በሩ ዝግ ነው፣ በመስኮቱ ወንፊት ሳይ ኦኬሎ ውጭ ከሾፌሩ ጋር ጀሪካን ይጭናል። ቆርቆሮው ሲሞቅ የሚያወጣው ድምፅ ነው ብዬ ተውኩት፣ ቆርቆሮ እንደዚያ ጥርት ባለ አማርኛ እንደማይናገር ለማሰብ ጊዜም አላገኘሁም።

መንደሩ ስንደርስ አጁሉ መኪናው ድረስ መጣች፣ ወንድሟን በቋንቋቸው ካናገረችው በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ጥይት የምትሰጠው አንተ ነህ?»

«አዎ» አልኳት።

«ባሌ ሆስፒታል ነው። ወንድም አንድ ነው ያለኝ። ይዘኸው ሂድ፣ ይዘኸው ና።»

እንመለስና ድፍኑን እናምጣ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ግን ሞት መሰለኝ፣ እስከ ዛሬ የማፍርበት ይህ ነው። ከመኪናው ኋላ ሄጄ ሦስቱን ጥይቶች አጎረስኩት፣ በእጄ፣ በዓይኔ እያየሁ፣ ሦስቱም አፍንጫቸው ላይ ግራጫው እርሳስ ይታይ ነበር፣ እመኑኝ፣ በዚህ አልሳሳትም። የመጨረሻውን ስገፋው ያው ድምፅ «ጎሽ» አለኝ።

«ኦኬሎ፣ አንተ ነህ?»

«ምን አልኩ?»

«ጎሽ አልከኝ።»

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «እዚህ ስሙ አይጠራም» አለኝ በሹክሹክታ። «ከተማ እንደፈለግህ በል። እዚህ ከጠራኸው ይሰማል። አባቴም አይጠራም ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው ያለኝ?»

ከላይ እስከ ታች አየኝና ዱካ መፈለግ ጀመረ። እኔም መጠርጠር ጀመርኩ፣ ያን የዒላማ ቀን ሳቅ ሊመልስልኝ ነው፣ አጅሬ ድምፁን ለውጦ እየተጫወተብኝ ነው ብዬ ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከአፉ ላይ አላነሳሁም። ሁለት ሰዓት ያህል ዱካ ተከትለን ስንሄድ አንዴም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አላየሁም።

ስድስት ሰዓት ግድም ሙቀቱ ሲብስ አንድ ዛፍ ሥር አረፍን። ጠመንጃውን መካከላችን ግንዱን አስደግፈነው ነበር፣ ዓይኔን ለአፍታ ጨፈን እንዳደረግኩ ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ ስነቃ ጠመንጃው ጭኔ ላይ ተጋድሟል፣ ኦኬሎ ደግሞ ከአጠገቤ ተነስቶ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ቆሞ ያየኛል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ምንም። እንሂድ» ብሎ ጠመንጃውን ከእኔ ሲቀበል ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ ራቅ ብሎ ነው።

ከዚያ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሳር ውስጥ ገባን። ወፉ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር፣ ኦኬሎ ከፊት፣ እኔ ከኋላው፣ ወደ ፊት ብቻ እያየን ስንሄድ በግራ ጆሮዬ በኩል «ጎሽ!» የሚል፣ አሁን የሚያመሰግን ሳይሆን የሚጮህ ድምፅ ሰማሁ፣ ሳላስበው «በግራ!» ብዬ የኦኬሎን ሸሚዝ ጎተትኩ። ሲዞር ሳሩ ተሰነጠቀ። ራስ፣ ቀንድ፣ ጭቃ፣ ሌላ አላየሁም፣ ጠመንጃው አንዴ ጮኸ፣ እንስሳው በጉልበቱ ተደፍቶ እየተንሸራተተ መጥቶ ከእግራችን ሦስት እርምጃ ላይ ቆመ። ኦኬሎ አንድ ጥይት ደገመው። እኔ መሬት ተቀምጬ ነበር፣ እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፣ አላለቀስኩም ብዬ አልዋሻችሁም።

ኦኬሎ የእንስሳው ደረት ላይ ያለውን ቀዳዳ ፈልጎ አገኘ፣ ከዚያ እንስሳውን ዞሮ የኋላ ጭኑን በእጁ ዳሰሰ፣ ጥይቱ ያን ሁሉ ሥጋና አጥንት አቋርጦ ቆዳው ሥር ደርሶ አብጧል፣ በቢላ አወጣው። ቅርጹ እንኳ አልተበላሸም። የጠመንጃውን መቀርቀሪያ ስቦ የቀረችውን አንድ ጥይት አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጣት። ድፍን ናት።

እጄን ወደ ሸሚዜ ኪስ ሰደድኩ። የኪሱ አዝራር እንደተቆለፈ ነው። ከፈትኩት፣ ሦስት ጥይት፣ ሦስቱም እርሳስ አፍንጫ።

«አንተ ነህ የቀየርከው» አልኩት። «ተኝቼ ሳለ ቀየርከው።»

«አንተ ነህ» አለኝ። «ዛፉ ሥር። ዓይንህ ክፍት ነበር። ጠመንጃውን ጭንህ ላይ አደረግህ፣ አንድ በአንድ አወጣህ፣ አንድ በአንድ አስገባህ። አንዱን ስታስገባ ጎሽ አልክ። ሌላውን ስታስገባ ጎሽ አልክ። ድምፁ ያንተ አይደለም። የሽማግሌ ነው። ስሙን አትጥራ ልልህ ፈራሁ።»

መንደሩ እልል ሲል፣ አጁሉ እጄን ይዛ ስታመሰግነኝ እኔ መኪናውን እንዲያስነሳ ለሾፌሩ ምልክት ሰጠሁት። ከተማ እንደገባን በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤት ሄጄ የድፍኑን ሳጥን ከፈትኩ፣ ሦስት ጎድሎታል። ቁልፉ ከማተቤ ወርዶ አያውቅም።

ጤነኛ ሰው የሚያስበውን ሁሉ አሰብኩ። ኦኬሎ ተመሳሳይ ቁልፍ አስቀርጿል፣ ተኝቼ ሳለ ቀይሮ የእኔን ኪሴ ከቷል፣ ትእዛዝ መጣስ ስለሚያስቀጣው ይህን ታሪክ ፈጥሯል፣ አለቀ። ቁልፎቹን በሙሉ በአዲስ ለወጥኩ። ከእኔ በፊት ግምጃ ቤቱን ይዞ ለነበረው ሰው ሳይቀር ጅማ ደወልኩ፣ ምናልባት ሞቶ ድምፁ የእሱ ይሆን ብዬ ነው፣ እሱ ግን ጤነኛ ነው፣ ስቆብኝ «ጋምቤላ ሙቀቱ ነው፣ ውኃ ጠጣ» አለኝ። ኦኬሎ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የወረቀት አዳኝ ብሎኝ አያውቅም፣ ብቻችንን ስንሆን ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ነው የሚቆመው፣ እኔ የጠረጠርኩትን ያህል እሱም ይጠረጥረኛል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብስብኝ ደግሞ ቃሉ ነው። ያን ጠዋት ሳጥኑ ጋ ሲለኝ ጎበዝ ማለቱ መስሎኝ ኮርቼ ነበር፣ በኋላ ሳስበው ግን «ጎሽ ነው እኮ፣ ድኩላ አይደለም» እያለ ሲያስጠነቅቀኝ ነበር እንዴ? አንድ ቃል ነው፣ በየትኛው እንደተናገረው በምን ይታወቃል?

ዛሬ ጠዋት ኦኬሎ መጣ። እዚያው መንደር አጠገብ ሌላ መጥቷል፣ ከፊተኛው ይበልጣል ይላሉ።

«ሶሊድ ስጠኝ» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «አንተ ግን አትምጣ። ፈቃድ አስጽፌአለሁ።»

አልተከራከርኩም፣ ደስ እያለኝ አዲሱን ቁልፍ ከፍቼ ከድፍኑ ሦስት ቆጠርኩ፣ ትክክለኛውን ጥይት፣ እሱ የጠየቀኝን። ሦስተኛውን ሳነሳ ከኋላዬ፣ ረጋ ብሎ፣ «ጎሽ» አለኝ።

ቀና ስል የኦኬሎ ፊት ተለዋውጧል። እሱም ሰምቷል።

«አንተ ነህ?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

ጥይቶቹ እጄ ላይ ናቸው፣ እጁ ወደ እኔ ተዘርግቷል። ቢያመሰግነኝ ነው፣ ዘንድሮ በትክክል መርጠሃል ማለቱ ነው አልኩ በልቤ፣ ሌላ ምን ልበል? ሰጠሁት። ሄደ።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ኦኬሎ ያለበት ኔትወርክ የለም፣ የመንደሩ ሰው መደወል ሲፈልግ እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግሩ ይወጣል። ይህን ስጽፍላችሁ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እየጠራ ነው፣ ሦስተኛ ጊዜው ነው፣ አጁሉ ናት። አላነሳሁትም።