በትክክል የተባለ ሰላምታ

የእህል ነጋዴው ሙሀመድአሚን፣ ከሚሴ ገበያ አጠገብ ባለው መጋዘኑ ውስጥ፣ በሚዛን ብረት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ዘይና የጠየቀቻቸው ሁሉ አመሰገኑት፤ ሚዛን አያጎድልም፣ ቀጠሮ አያዛባም፣ ቃሉን አያጥፍም። እሱን የሚወድ ሰው ግን አላገኘችም። ሻይ እንኳ ብቻውን ነበር የሚጠጣው።

ማታ መጋዘኑ የሚገቡት ወንድሙ አንዋር፣ ሸሪኩ ጀይሉና የከብት ነጋዴው ሙህዲን ብቻ ናቸው። አንዋር በውርስ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ስለነበር ታሰረ። ሙህዲንን የጠረጠረ የለም። ከደሴ የመጣ ነው፤ ኦሮምኛ አይሆንለትም። ሲመሽም «እንዴት ዋልክ» ለማለት «አካም ቡልቴ»፣ ማለትም «እንዴት አደርክ» ሲል ከተማው ይስቃል፣ ይወደዋል። ገበሬዎችም አይሰማም ብለው የበሬያቸውን የመጨረሻ ዋጋ ፊቱ በኦሮምኛ ይመካከራሉ።

ጎረቤቲቱን እትዬ ሰሊማን ዘይና ሁለቴ ጠየቀቻቸው።

«ሲመሽ አንዱ ገብቶ በኦሮምኛ ‹አካም ኦልቴ› አለ፤ እንዴት ዋልክ ማለቱ ነው። ሙሀመድአሚን ሳቀ። ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።»

«ድምፁን ለዩት?»

«በግድግዳ ምኑ ይለያል ልጄ? ሙህዲን ግን አይደለም። እሱማ ‹ቡልቴ› ነው የሚለው።»

ዘይና ሰንበቴ ገበያ ደርሳ ተመለሰች። ከዚያ አንዋርን ከእስር አስመጥታ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበች።

«አንዋር በየማታው ‹ኦልቴ› ይላል፤ ጀይሉም ይላል። በዚህ ማን ይስቃል? በትክክል ሰላም ሲል የሚያስቅ ሰው ከሚሴ ውስጥ አንድ ብቻ ነው።»

ሙህዲን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ እኮ በኦሮምኛ ሰነፍ ነኝ።»

«ሰንበቴ ገበያ ከቆላ የሚመጡት ነጋዴዎች እንደ ውሃ ትናገረዋለህ ይላሉ። ሙሀመድአሚንም እዚያ ሰምቶሃል። ስላወቀብህ ፊቱ መሳሳት አላስፈለገህም።»

ጀይሉ ዞር ብሎ አየው። «ወንድሜ፣ ፊትህ ስንቱን አወራን።»

ሙህዲን ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። ‹ጁምዓ ከሶላት በኋላ እነግራቸዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እኔ ላስቃቸው› አለኝ።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ዘይና የአንዋርን ካቴና ፈታች።

«ወንድምህ ሲስቅ ምን ይመስል ነበር?»

አንዋር እጁን እያሻሸ ብዙ አሰበ። አላወቀም።