በቀትር የመጣው ምሽት

ወዳጄ፣ ይህን የሚያጫውትህ ሰው ስለ ቀትር ጋኔን ሲወራ ጨዋታ አቋርጦ የሚነሣ፣ ልጅ ሳለም ድሬዳዋ ውስጥ አክስቶቹ «በዚህ ፀሐይ ብቻህን አትውጣ፣ ይለክፍሃል» ሲሉት ይልቁን ለመውጣት የሚቸኩል ሰው ነበረ፤ ዛሬም ስለ መናፍስት ብትጠይቀኝ የምመልስልህ ያንኑ ነው፣ ነገር ግን ጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ በሚባለው ሰፈር የገጠመኝን ነገር አልሆነም ብዬ ልክድህ አልችልም።

ሥራዬ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ሠራተኞችን ማሠልጠን ነው። አምቡሊ ያለው ቤት አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው የሚያልፍበት ነው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊውና ኢትዮጵያዊው አብረው ያረጁበታል፤ አንዱ ባዕድ እጅ ገላውን እንዲያጥበው አይወድም፣ ሌላው ከሰው ጋር ካልሆነ ምግብ አይወርድለትም፣ ሌላው ደግሞ ፈረንሳይኛውን ረስቶ ወደ እናቱ ቋንቋ ተመልሷል። ሠራተኞቹ ልበ ቀና ናቸው፣ ችግራቸው ለሁሉም አንድ ዓይነት ደግነት ማድረጋቸው ብቻ ነበር፣ እኔም የተጠራሁት ደግነት እንደ ሰውየው እንደሚለያይ ላስተምር ነው።

ጋሽ ከማልን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአዲስ አበባ እስከ ወደቡ ሲመላለሱ ከባድ መኪና የነዱ፣ በመጨረሻ ዘመድ ሳይኖራቸው ጅቡቲ የቀሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል፣ ጆሯቸውም አፍ ተገጥሞ ካልጮኹበት አይሰማም። ሰኞ ዕለት በፈቃድ የሚጾመውን የሱና ጾም ያዙ፣ ቤቱም አከበረላቸው። ጸሐይ ስትጠልቅ ግን ለመፍታት እምቢ አሉ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ቀላል ነበር፦ አዛኑን በገዛ ጆሯቸው አልሰሙትም።

ጅቡቲ የተወለደችውና ከሠራተኞቹ ሁሉ አንጋፋ የሆነችው ፋዱማ በጆሯቸው ስትጮህ አብሬ ቆሜ ነበር።

«ጋሽ ከማል፣ መሽቷል እኮ! አዛን ብሏል!»

«ማን ሰማው?»

«እኔ ሰማሁት፣ ወላሂ!»

«አንቺ ከሰማሽ አንቺ አፍጥሪ።»

የስልኳን አዛን ከፍታ ጆሯቸው ላይ ብትደግነው በደረቀ ከንፈራቸው ሳቁባት። «ይሄ የስልክ ነው። ስልክ በጠዋትም አዛን ይላል» አሏት። ማክሰኞም እንዲሁ አለፈ። ግሉኮስ ቢሰካላቸው መርፌውን ነቅለው ጣሉት፣ ሐኪሙም ረቡዕ ጠዋት ሲወጣ በዚህ ሙቀት ሌላ አንድ ሌሊት እንዲህ ካደሩ ኩላሊታቸው እንደማይችል በግልጽ ነገረን።

«አፋቸውን ፈልቅቀን እናጠጣቸዋ!» አለች ፀሐይ፣ እንደ እኔው ከድሬዳዋ የመጣችው ወጣት ሠራተኛ።

«የጾመኛ አፍ ልትፈለቅቂ? እኔ እጄን አላስገባም» አለች ፋዱማ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፣ እመነኝ፣ ካነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ አንዲት የምትረባ ዐረፍተ ነገር አላገኘሁም።

ሥልጠናው ግን መቀጠል ነበረበት። ከትምህርቱ ሁሉ የማስበልጠው አንድ ልምምድ አለ፣ ሠራተኛው ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ፣ ዓይኑን በሻሽ ታስሮ በተሽከርካሪ ወንበር ይቀመጣል፣ ሌላው እየገፋ ይወስደዋል፣ ውኃም ያጠጣዋል፤ እርጅናን በቃል ከማስረዳት ይህ ይሻላል። በዚያን ቀን ፀሐይ «መምህር፣ ዛሬ አንተ ሽማግሌ ሁን፣ እኛ እናስጨንቅህ» ብላ ስታስቀኝ እኔው ተቀመጥኩ።

ጊዜው የዕለቱ ጫት ለገበያ ደርሶ ከተማው ሁሉ ወደየቤቱ የሚከተትበት፣ ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት ሰዓት ነበር። ጥጡን ደፈንኩ፣ ሻሹን አሰሩልኝ። ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ወንበሩ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፣ እኔም የፀሐይ እጅ ነው ብዬ ራሴን ለቀቅኩ፣ እንዲያውም አገፋፏን በልቤ አደነቅኩ፣ መንገጫገጭ የሚባል አልነበረውምና።

ከዚያ ማጅራቴ ላይ ያለው ላብ ደረቀ። ከባሕር የሚነሣው የማታ ነፋስ ፊቴን ሲዳስሰው ተሰማኝ፣ በሻሹ ውስጥ ቀልቶ ይታየኝ የነበረው ብርሃንም እየደበዘዘ ሄዶ ጨለማ ሆነ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ይሆናል ብዬ ገለጥኩት፣ ያው ጨለማ ነው። በዚህ መካከል አዛን ሰማሁ። የድምፅ ማጉያ አልነበረም፣ የአንድ ሰው ጉሮሮ ነው፣ የማይቸኩል፣ በጥጡ ውስጥ እንዴት እንደገባ የማላውቀው፤ ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ጸጥ አለ፣ ፈራሁ ብልህ እዋሻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ዕረፍት በሕይወቴ አላውቅም። መዳፌ ላይ አንድ ቴምር ተቀመጠ። በላሁት። ቀዝቃዛ ብርጭቆ የእጄን ጀርባ ነካ አደረገና ጠበቀኝ፣ ተቀብዬ ጠጣሁ፣ ብርጭቆውም ከእጄ ተወሰደ። ወዲያው አጠገቤ ሌላ ሰው ሲውጥ ተሰማኝ፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ደጋግሞ።

ሻሹን አወለቅኩ፣ ጥጡንም ነቀልኩ። የቀትሩ ብርሃን እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ዓይኔን መታው። ያለሁት በጋሽ ከማል ክፍል፣ ከአልጋቸው አጠገብ ነው፤ እርሳቸው ባዶ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከንፈራቸው ርሶ፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ።

ፋዱማና ፀሐይ በረዶ የያዘ ባልዲ ለሁለት ተሸክመው በሩ ላይ ደረሱና ቆሙ።

«ማን አመጣህ?» አለች ፀሐይ።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«በረዶ መጣ ሲሉን በር ሄደን ነበር፣ ዘበኛውም ከእኛ ጋር ነው። ጠብቀን ብዬሃለሁ እኮ፣ በጥጡ አልሰማህም?»

የዚያ ክፍል ደፍ ከፍ ያለ ነው፣ ወንበር ለማሻገር ዘወትር ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያነሣል፤ እኔ ግን መነሣት የሚባል ነገር አልተሰማኝም። አዛኑንስ ሰማችሁ ወይ ብላቸው ፋዱማ ባልዲውን አስቀመጠች። «የዙህር ሶላት ካለፈ ቆየ፣ የአስር ሶላትም ገና ነው» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቴምር ደግሞ በዚህ ቤት የለም፣ መምህር።» የቴምሩ ዘር ግን ገና ምላሴ ሥር ነበር።

ማብራሪያ አልፈለግሁም አትበለኝ። ሙቀት አእምሮን ያስታል፣ ጆሮው የተደፈነ ሰው የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ይህን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ታዲያ የእኔ ቅዠት ለጋሽ ከማል ውኃ እንዴት አጠጣ? ከሰዓት በኋላ ሾርባም ጠጡ፣ ሐኪሙ መጥቶ ደም ግፊታቸውን ለካና ሆስፒታል መግባት እንደማያስፈልጋቸው ተናግሮ ሄደ፣ እኛም ምስጋናውን ለማን እንደምናቀርብ ሳናውቅ ቀረን።

በዚያው ዕለት ጸሐይ ጠለቀች፣ የሰፈሩ መስጊድም አዛን አለ። ፋዱማ እንደ ልማዷ ልትጮህላቸው ጎንበስ ስትል ጋሽ ከማል እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። ሰምተውታል። ሁለት ምሽት ያልሰሙትን ያን ጊዜ እስኪያበቃ አዳመጡት፣ ከዚያም የተሸፈነ ዓይናቸውን ወደሚጨልመው መስኮት አዞሩ።

«የእኔማ ምሽት በቀን መጥቶልኛል፣ አፍጥሬአለሁ» አሉ። «ይሄኛው የማን ነው?»

ፀሐይ ልትስቅ ጀምራ ተወችው።

ጋሽ ከማል ዛሬ ደኅና ናቸው፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ስለዚያ ቀን አንሥተው አያውቁም። እኔ ግን ምሽቱ የማን እንደሆነ ስለማላውቅ ጀንበር ስትጠልቅ በእጄ ብርጭቆ ካለ አስቀምጠዋለሁ፣ በክፍሉ ካለው ሰው አንዱ ቀድሞኝ እስኪጎነጭም እጠብቃለሁ፤ ብቻዬን ከሆንኩ ደግሞ፣ እመነኝ ወዳጄ፣ ጨለማው በደንብ እስኪጠና ድረስ ውኃ አልነካም።