የተያዘ ወንበር

«እሱ ወንበር የተያዘ ነው!» አላት ረጅሙ ልጅ፣ ከመጽሐፉ ቀና እንኳን ሳይል።

ሚጢጢ እጇን ሻርፑ ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። የቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ጸጥ ብሏል። መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ ስድስተኛው ወንበር ላይ ግን ሰው ሳይሆን አረንጓዴ ሻርፕ ነው ያለው። አክስቷ በእጇ የሠራችላት፣ አረንጓዴው ክር ሲያልቅባት አንዱን ጫፍ በብርቱካናማ የጨረሰችው ሻርፕ። እንዲህ ያለ ሁለተኛ ሻርፕ በዓለም ላይ የለም፤ ቢኖርም ደፍሮ የሚያደርገው ሰው አይገኝም።

እዚህ ግቢ ወንበር የሚያዘው በዕቃ ነው። በጠዋት የገባ ሰው ለጓደኞቹ አንዱ ላይ ኮፍያ፣ አንዱ ላይ እስክሪብቶ ያስቀምጣል። ዕቃ ያለበት ወንበር ላይ ዘው ብሎ መቀመጥ ነውር ነው፤ ሌላው ቀርቶ ዕቃውን ገፋ ማድረግም ያስወቅሳል። ሚጢጢ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። በገባች በመጀመሪያው ሳምንት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታነብ እናቷ ደወለችላት። በሹክሹክታ አነሳችው። «በላሽ፣ የኔ ልጅ?» አለቻት እናቷ። በቃ! ያቺ ጥያቄ እንባዋን ዘረገፈችው። ሰው እንዳያያት ደብተሯን አፋፍሳ ወጣች፤ ሻርፑን ግን ረሳችው።

በማግስቱ ስትመለስ ሻርፑ እዚያው ነው፤ ጠረጴዛው ግን በማታውቃቸው ልጆች ተሞልቷል። ይሳሳቃሉ፣ ይተራረባሉ። «አንዱ አንስቶ ለጓደኛው ወንበር ይዞበታል» ብላ ደመደመች። ጠጋ ብሎ «የኔ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ሚጢጢን ግን ከበዳት። ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አነበበች፤ ከዚያም ወዲያ የማንበቢያ ቦታዋ ደረጃው ሆኖ ቀረ።

ዶርም ውስጥም ያው ነው። የክፍሏ ልጆች ሁሉም ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። ክፉዎች አይደሉም፤ ግን ቀልዳቸው ሁሉ ድሮ የተጀመረ ነው፣ እሷ ከመሃል ገብታ የምትስቅበት ቦታ የለውም። ትናንት አላስችል ሲላት ለታላቅ ወንድሟ ደወለች። «ጋሽዬ፣ ና ውሰደኝ። አልቻልኩም» አለችው። ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወሬ አያበዛም። «ነገ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ ሻንጣሽን አዘጋጂ» አላት። አንዴ ከወጣች ዘንድሮ መመለስ እንደሌለ ታውቃለች። ሻንጣዋ አሁን የግቢው በር ላይ፣ ጥበቃዎቹ ጋ ተቀምጧል። የቀራት ሻርፑ ብቻ ነው፤ አክስቷ «ሻርፑስ?» ብትላት ምን ትመልሳለች?

«የኔ ነው» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

«ምን አልሽ?»

«ሻርፑ... የኔ ነው። ልወስደው ነው የመጣሁት።»

ረጅሙ ልጅ ቀና አለ። አጠገቡ ካለችው ባለመነጽር ልጅ እጅ እስክሪብቶ ወደቀ። ሚጢጢ ሌባ ሊሏት መስሏት እጇን ከሻርፑ ላይ አነሳች።

«ባለሻርፗ!» ብላ ጮኸች ባለመነጽሯ።

«ዝምታ!» አሉ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከወዲያ።

«እትዬ፣ መጣች እኮ! የሻርፑ ባለቤት መጣች!»

ሴትዮዋ ዝምታውን ራሳቸው ረሱትና ተነሥተው መጡ። «ውይ፣ በእውነት ያለች ሰው ናት ለካ! እኔማ እነዚህ ልጆች የፈጠሯት መስሎኝ ነበር።»

«የት ጠፍተሽ ነው?» አለ ረጅሙ ልጅ፤ ከልቡ የተቆጣ ይመስላል። «ከስንት ሰው ጋር እንደተጣላሁልሽ ታውቂያለሽ? በፈተናው ሰሞን አንድ የአራተኛ ዓመት ፈርጣማ መጥቶ ‹አንሱልኝ› ሲል፣ ‹ሽንት ቤት ሄዳ ነው፣ አሁን ትመጣለች› አልኩት። ሙሉ ቀን ሽንት ቤት ነበርሽ!»

«እኔ እኮ... ለሌላ ሰው ወንበር የያዛችሁበት መስሎኝ ነው።»

«ለማን? ላንቺ ነዋ!»

ነገሩን ያስረዳቻት ባለመነጽሯ ናት። ዕቃ ያለበት ወንበር ሰው አለው። በመጀመሪያው ቀን «ትመጣለች» ብለው ጠበቁ። ማታ ሲዘጋ ሠራተኛዋ የተረሳውን ዕቃ ሁሉ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ፤ ጠዋት ከመካከላቸው ቀድሞ የገባው ሻርፑን ከካርቶኑ አውጥቶ መልሶ ወንበሩ ላይ ያነጥፈዋል። «ከዚያ እልህ ያዘን» አለች እየሳቀች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያን ቀን እያለቀስሽ ስትወጪ ከኋላ አይቼሻለሁ፤ ፊትሽን ግን አላየሁትም። እኔም ፍሬሽ እያለሁ ተደብቄ ነበር የማለቅሰው። ይቺ ልጅ ስትመለስ ቦታ ማጣት የለባትም አልኩ።»

ሚጢጢ ደረጃው ላይ ብርድ እየመታት «እዚህ ግቢ አንድ ሰው እንኳን የለኝም» ስትል፣ ከግድግዳው ወዲያ እነዚህ ልጆች ስሟን ሳያውቁ ቦታዋን ይጠብቁላት ነበር። ደስ አላት፤ አፈረችም። «እግዜር ይስጣችሁ» ልትል አፏን ስትከፍት ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት።

«ኧረ ደግሞ ታለቅሳለች!» አለ ረጅሙ ልጅ ደንግጦ። «ለመሆኑ ማን ነው ስምሽ?»

«ሚጢጢ» አለች። የቤት ስሟ አምልጧት ነው፤ ምላሷን ነከሰች።

ልጁ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። እሱ በቁመት ቢበልጣት በአንድ ጣት ነው። «ሚጢጢ? አንቺ?» ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሠራተኛዋ «ኧረ ዝም በሉ!» አሉ፤ እሳቸውም እየሳቁ ነው።

በዚህ መሃል ስልኳ ተንቀጠቀጠ። «ደርሻለሁ» አለ ወንድሟ፣ ድምፁ ለጠረጴዛው ሁሉ እየተሰማ። «ሻንጣሽን ጭኛለሁ፤ ነይ ቶሎ።»

ሳቁ ቆመ። «ልትሄጂ ነው?» አለች ባለመነጽሯ።

«ወንድሜ በር ላይ ቆሟል።»

ሚጢጢ ሻርፑን አንገቷ ላይ ጠመጠመችና ወደ መውጫው ሄደች። «በርቺ» አላት አንዱ ከኋላዋ። በሩን ከፍታ ለጥቂት ጊዜ እንደያዘችው ቆመች፤ ከዚያ ተመለሰች። ሻርፑን ፈታ ወንበሩ ላይ አነጠፈችው፣ ብርቱካናማው ጫፍ ከሩቅ እንዲታይ አድርጋ።

«ሻንጣዬን ማስወረድ አለብኝ» አለች። «እስከዚያ ሰው ቢመጣ...»

«‹ሽንት ቤት ሄዳ ነው፣ አሁን ትመጣለች› እለዋለሁ» አላት ረጅሙ ልጅ።

ሚጢጢ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ውጭው ብርድ ነበር፤ አንገቷን ያዛት፣ ግን ግድ አልሰጣትም።