ይፈጥናል ወይ?

«ቆመ! ይኸው እንደገና ቆመ!» አክሽን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ።

ስክሪኑ ላይ የፊልሙ ቅንብር ምን ያህል እንደ ደረሰ የምታሳየው አረንጓዴ መስመር ከግማሽ ትንሽ አልፋ ደርቃ ቀርታለች። ከጠረጴዛው ሥር የኮምፒውተሩ ፋን እንደ ወፍጮ ያጓራል። ኬብል ጎንበስ ብላ መዳፏን በሳጥኑ ጎን ላይ አሳረፈችና ወዲያው አነሳችው። ገና ከእሳት የወረደ ድስት የነካች መሰላት።

ኬብል ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው። ቀጭንና ረጅም ናት፤ ደግሞም ቦርሳዋ ውስጥ ሽቦ ጠፍቶ አያውቅም። አክሽን የተባለውም ስልኩን በደቀነ ቁጥር፣ ፊቱ ያለው እናቱም ይሁኑ መምህሩ፣ «አክሽን!» ሳይል ስለማይቀርጽ ነው። አሁን ለትምህርት ቤቱ የፊልም ውድድር ስለ አያቱ እየሠራ ነው። አያቱ ዕድሜ ልካቸውን የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሰንብተዋል፤ እሑድ ወደ ሩቁ ከተማቸው ይመለሳሉ።

«ግድ የለም፣ ልገላገል ነው» አለ አክሽን። «አዲሱ ፕሮሰሰር ወጥቷል። ያው የኔው ዓይነት ነው፤ ፍጥነቱን ጨምረውለት ነው። ማዘር ትገዛልኛለች። አሮጌው ደግሞ…» ጣቱን ቀሰረባት። «ያንቺ!»

የኬብል ልብ ዘለለ። እቤት አልጋዋ ሥር አንድ ካርቶን አለ። ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ የአጎቷ ልጅ ሰጣት፤ ሌላውን ከዚህም ከዚያም ለቃቀመችው። ኮምፒውተር ለመሆን የጎደለው ጭንቅላቱ ብቻ ነበር። የአክሽን አሮጌ ፕሮሰሰር ደግሞ ልክክ ይልለታል።

በሩ ተከፈተና የአክሽን እናት ገቡ። ነርስ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ስለዋሉ ጫማቸውን ያወለቁት ገና ደፉ ላይ ነው።

«አለሽ እንዴ፣ ልጄ? ጥሩ ጊዜ አገኘሁሽ። ለዚህ ልጅ ማይክራፎን ልገዛለት ነበር፤ አሁን ደግሞ ፕሮሰሰር ይበልጥብኛል አለ። ሁለቱን አልችልም። እኔ እንደሆንኩ በዚህ ነገር መሃይም ነኝ፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይሄ አዲሱ እውነት ይፈጥናል ወይ?»

ኬብል አልጋዋ ሥር ያለው ካርቶን ትዝ አላት። «ይፈጥናል፣ እትዬ» አለች።

«በቃ፣ ነገ ጠዋት ሄደን እንገዛዋለን።»

ውሸት አልነበረም። ኬብል እቤቷ ገብታም ይህንኑ ለራሷ ደጋገመችው። ስልኳን ከፍታ ሁለቱን ፕሮሰሰሮች ጎን ለጎን የፈተኑ ሰዎች ምን እንዳሉ አነበበች። አዲሱ በእርግጥ ይፈጥናል። ግማሽ ሰዓት ከሚፈጅ ሥራ ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆርጥም እንጂ ይፈጥናል። የማሸጊያው ቀለም ተቀይሯል፣ ስሙ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ብሏል፣ ውስጡ ግን ያው ነው። ከባዶ ተነስቶ ኮምፒውተር ለሚገጣጥም ሰው ክፋት የለውም። የፊተኛውን ለያዘ ግን ካፖርት ላይ ቁልፍ እንደ መቀየር ነው።

ደግሞ የአክሽንን ማሽን የሚያቆመው የፍጥነት ማነስ አይደለም። ይህን ገና ሳጥኑን ስትነካው አውቃለች። ፕሮሰሰሩ ሲግል እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አልሆን ሲለው ይቆማል። አፍንጫውን ይዘው ሩጥ የሚሉት ሰው ማለት ነው። የቱንም ያህል ፈጣን ቢተኩበት ያው ይታፈናል።

«የጠየቁኝን መለስኩ» አለች ለጣሪያው። «የመረጠው እሱ። እኔ ምን አገባኝ?»

ጣሪያው አልተከራከራትም። ደስ ግን አላላትም።

ቅዳሜ ጠዋት እነ አክሽን ቤት ስትደርስ አያቱ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እናትና ልጅ ውስጥ ሆነው ለመውጣት ይሰናዳሉ።

«ተቀመጪ፣ ልጄ። እነሱ እንደሆኑ ጫማ ፍለጋ ላይ ናቸው።»

አጠገባቸው ተቀመጠች። ዝም ከማለት ብላ ጠየቀቻቸው፤ «አባባ፣ ፊልሙ ላይ ስለ ድልድዩ ሲያወሩ የነበረው ምን ነበር? ነፋሱ ድምፅዎን ውጦታል።»

«እሱን ነው?» ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ዝናብ የበዛበት ወቅት ነው። ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ሸርሽሮታል። ተሳፋሪውን ሁሉ አወረድኩና ‹በእግራችሁ ተሻገሩ፣ ባዶውን እኔ አሻግረዋለሁ› አልኩ። አንዲት ሴትዮ ብቻ አልወርድም አለች። ‹መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንተ ካልወረድክ እኔ ምን ቆርጦኝ እወርዳለሁ?› አትለኝም!»

ኬብል ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ረገበ።

«ብቻዬን ስሆን አልፈራም ነበር። እሷ እንደዚያ ስትለኝ ግን ፈራሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞተሩን አጠፋሁ። እጇን ይዤ በእግሯ አሻገርኳት። ተመልሼ መጥቼ ነው አውቶቡሱን የነዳሁት።»

በዚህ መሀል አክሽን ጃኬቱን እያጠለቀ ወጣ። እናቱም ቦርሳቸውን አንግተው ተከተሉት። «መጣሽ? እንሂዳ!»

ኬብል ከመቀመጫዋ ተነሳች። «መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ልክፈተው» አለች።

«አሁን? አቦ፣ ሱቁ ይጨናነቃል!»

«ስክሩድራይቨር አምጣ።»

የሳጥኑ ክዳን ሲነሳ አክሽን አፉን ያዘ። ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ ትራስ ይሞላል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ሆኖ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ቅባትም ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ኬብል አቧራውን በብሩሽ አራገፈች፤ የደረቀውን ቅባት በጨርቅ ጠረገች። ከዚያ ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ቲዩብ አወጣች። ለራሷ ኮምፒውተር ያስቀመጠችው አዲስ ቅባት ነበር። አንድ ጊዜ አየችውና ክዳኑን ፈታችው።

ሁሉም ነገር ተመልሶ ሲገጠም ፋኑ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። አረንጓዴዋ መስመር ግማሹን አለፈች፤ ትናንት የቆመችበትንም አለፈች፤ ሄዳ ሄዳ ጫፍ ደረሰች።

«ያበደ ነው!» ብሎ ጮኸ አክሽን። «ይመችሽ፣ ኬብል!»

እናቱ አልጮኹም። «ታዲያ አዲሱ ፕሮሰሰር?» አሉ።

«ይፈጥናል፤ ግን ልዩነቱን በዓይን አያዩትም፣ እትዬ። ለእሱ ተብሎ ማይክራፎኑ መቅረት የለበትም። አባባ የሚሉት ሁሉ እኮ አይሰማም። እሳቸው ደግሞ ነገ ይሄዳሉ።»

«ይህን ዛሬ ነው ያወቅሽው?»

ኬብል «አዎ» ማለት ትችል ነበር። ማንም አይጠረጥራትም።

«ትናንትም አውቄው ነበር» አለች። «አሮጌውን ፈልጌው ነው።»

አክሽን ዘወር ብሎ አያት። የቅድሙ ፈገግታ ፊቱ ላይ የለም። ስክሩድራይቨሩን ከጠረጴዛው አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ መሳቢያውንም ዘጋው። እናቱ ደግሞ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ግድ የለም አላሏትም፤ አልተቆጧትምም።

«ስለ ማይክራፎንስ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አላውቅም» አለች ኬብል። ከዚያ ወደ አክሽን ዞራ፣ «ካልከፋህ ግን አብሬያችሁ ልምጣ» አለችው።