እርጥቡ ወለል ላይ ያየሁት ዱካ

ማመን የማይፈልግ ከዚሁ ይመለስ። ማንንም ለመለማመጥ አይደለም የምጽፈው። ያየሁትን አይቻለሁ... አለቀ።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ጠራራ ፀሐይ።

የሕክምና ተማሪዎች የሰው አካል እየከፈቱ የሚማሩበት ክፍል ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴን ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። እዚያ የገባሁት ግን ለደሞዙ ብቻ አይደለም። ለአንድ ሰው ብዬ ነው።

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም። በልጅነታችን በር ዘግቼባት የግራ እግሯን ትንሿን ጣት ያስቆረጥኳት እኔ ነኝ። አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

አንድ ሰሞን መንገዳገድ ጀመረች። መቀሱን ላንሳ ስትል እጇ ያልፈዋል። ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ዶክተሩ የወለሉን መስመር አሳያት። "ተረከዝሽን ከጣትሽ እያገናኘሽ ሂጂ።"

ወደቀች።

ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ካርዷ ላይ "ሰክራለች" ብሎ ጻፈ።

"ሲለቃት አምጪያት" አለኝ።

በአስራ አንደኛው ቀን ሞተች። ከፍተው ሲያዩ ጭንቅላቷ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል እባጭ ተገኘ። "ለምርመራ እዚሁ ይቀመጣል" ብለው አስፈረሙኝ። ምን እንደፈረምኩ እግዜር ይወቀው። ካርዱን ግን ያረመው የለም። ሰፈሩ እስከ ዛሬ "ያቺ ሰካራም" ነው የሚላት።

ያ ዶክተር ነው አሁን ተማሪዎቹን የሚያስተምረው። ሁለት ዓመት ሙሉ "አርምልኝ" አልኩት። "እናት፣ ሥራሽን ሥሪ" ነው መልሱ።

ያን ማክሰኞ ወለሉን ወልውዬ ሳልጨርስ፣ ዶክተሩ ከአንድ ትልቅ ጠርሙስ ቡጢ የሚያህል ነገር አወጣ።

"ይህ ትንሹ አንጎል ነው" አላቸው። "ከትልቁ ሥር፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ግራው የግራ እጅና እግርን፣ ቀኙ የቀኙን ይቆጣጠራል። መሀሉ፣ ይቺ ትል የመሰለችው፣ ሚዛን ትጠብቃለች። በሦስት ጥንድ ገመድ ከአንጎል ግንድ ጋር ተያይዟል። ትእዛዝ አይሰጥም... ስህተት ያርማል።"

በቢላ ለሁለት ከፈለው።

ውስጡ ዛፍ ነው... ነጭ ዛፍ፣ ከነቅርንጫፉ።

ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን አየሁ። ቀን ተጽፎበታል።

እህቴ የሞተችበት ቀን።

ደሜ ፈላ። "ዶክተር" አልኩ። "ይሄ የታመመበት ሰው እንዴት ነው የሚሄደው?"

"እትዬ ሊፈተኑ ነው!" አለ አንዱ ተማሪ። ተሳሳቁ።

ዶክተሩ አየኝ... ለምን እንደጠየቅኩት አወቀ።

"እንደ ሰካራም" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"ጮክ ብለህ ንገራቸው!"

"ሴትዮ፣ ውጪ!"

በሩን ሊከፍትልኝ መጣ። አንድ እርምጃ... ሁለት...

ወደ ግራ ዘመመ። እጀታውን ሊይዝ እጁን ሰደደ።

አለፈው።

ደግሞ ሰደደ... አለፈው።

"ጠጥቷል እንዴ?" አለች አንዷ በሹክሹክታ።

"አል... ጠጣ... ሁም" አለ። ቃሉ ይቆራረጣል። ዓይኑ ይዋልላል። "እ... ናት... አልጠጣ... ሁም።"

"አውቃለሁ" አልኩት። "እሷም አልጠጣችም።"

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ደግፈው አወጡት።

ብቻዬን ቀረሁ። ወለሉ ገና አልደረቀም። የሱ ጫማ ዱካ ወዲህና ወዲያ ተጠማዟል።

ከጎኑ ሌላ ዱካ አለ...

ባዶ እግር። እዚያ ክፍል ያለ ጫማ የሚገባ የለም።

ጠርሙሱ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ተነስቶ እስከ በሩ ይሄዳል። ተረከዝ ከጣት... ተረከዝ ከጣት... እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ።

መወልወያዬን ይዤ ጎንበስ አልኩ።

የግራው እግር... ትንሿ ጣት የለችም።