ሴት ልጅ፣ አንድ

«ኢማን፣ ይሄ የአያትሽ ስም አይደለም እንዴ?»

ዱረቲ ጣቷን ቢጫ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ሁለቱ የክፍል ጓደኛሞች ነቀምቴ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መመላለስ ከጀመሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። የታሪክ መምህራቸው «አንድ የቆየ ሰነድ መርጣችሁ ዓርብ ለክፍሉ አቅርቡ» ብለዋቸዋል። የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ቀነአ ዛሬ ያወጡላቸው ማኅደር፣ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ ሰዎችን ስም የያዘ ነበር።

ኢማን ጎንበስ ብላ አነበበች። ይመር አሊ። ሚስት፣ አንድ። ወንድ ልጅ፣ አንድ። ሴት ልጅ፣ አንድ። የመጨረሻው መስመር በቀይ ተሰርዞ «ሲሬ ላይ ሞተች» ተብሎበታል።

ወንድ ልጁ አባቷ ነው። አባቷ እህት እንደነበረችው ግን አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

«በቃ አገኘን!» አለች ዱረቲ። «ይሄን ካነበብሽ ክፍሉ ጭጭ ነው የሚለው። አንደኛ ወጣን በይ!»

ኢማን የተሰረዘውን መስመር ደግማ አነበበችው።

ቤተሰቧ ኪራሙን ለቆ ነቀምቴ አንዲት ክፍል ከተከራየ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከሰዓት ቤት ስትደርስ አያቷ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ከየት እንደምትጀምር ጨንቋት ቆየችና ያየችውን እንዳለ ነገረቻቸው።



«ተቅማጥ ይዟት ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ከወሎ ስንመጣ፣ መንገድ ላይ ሲሬ ስንደርስ መኪናው ትንሽ ቆመልን። አፈር አልብሰናት ተሳፈርን። ዛሬ ብሄድ ቦታውን አላውቀውም።» ወደ እሷ ዞሩ። «ስሟን ጽፈውታል?»

«አልጻፉም፣ አባባ። ‹ሴት ልጅ› ብቻ ነው የሚለው።»

«ዘሀራ ነበረች። ቢጽፉት ምን ነበረበት?» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለተማሪው ግን አታንብቢብኝ፣ ልጄ። አንች እወቂው፤ ይበቃል።»

በማግስቱ ዱረቲ ተቆጣች። «ዓርብ እኮ ነገ ነው! ሌላ ከየት እናመጣለን?»

«አብረን እንፈልጋለን። ይሄን ግን አላነብም።»

ዱረቲ የጓደኛዋን ፊት አየት አደረገች። ሌላ ማኅደር ስባ ታገላብጥ ጀመር።

ኢማን ወደ ኦቦ ቀነአ ጠረጴዛ ሄደች። «ኦቦ፣ መዝገቡ ላይ ስም መጨመር ይቻላል?»

«መዝገቡማ አይነካም» አሉ። ቆም ብለው አዩዋት። «ማስታወሻ ጽፈሽ ማኅደሩ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ይቻላል። የማን ስም ነው?»

«የአክስቴ።»

ነጭ ወረቀት አቀበሏት። ኢማን ቁጭ አለችና ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ አጥርታ ጻፈች፤ ዘሀራ ይመር።