የሶፍ ዑመር መብራት የጠፋ ዕለት

የአስጎብኚው የዘይነዲን አስከሬን በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ፣ ከዌብ ወንዝ ዳር ባለ አለት ላይ ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል። ሽማግሌዎቹ ለቀብር ሊያነሱት ሲጠጉ ሴት ልጁ ሀዋኒ ከፊታቸው ቆመች።

«ላኪ! ተዉት፣ አይነሳም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ተመላልሷል፤ አዳለጠው አትበሉኝ። መጀመሪያ ፖሊስ ይየው።»

ከሮቤ የመጣችው መርማሪ፣ ኢንስፔክተር ፀዳለ፣ አጎንብሳ ጋቢውን ገለጠች። የሟቹ ራስ ተሰንጥቋል። የኮቱን ኪስ ቁልፍ ፈታ የእጅ ባትሪውን አወጣች። ጠፍቷል። ስትጫነው ቦግ አለ።

«ሲወድቁ ማን አብሯቸው ነበር?»

«እኔ፣» አለ ጌታነህ፤ የዋሻውን መብራት የሚዘረጋው የጎባ ኮንትራክተር። «ከላይ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከትልቁ የድንጋይ አምድ ጋ ቆመን ሳለ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ሽማግሌው ጮኸና ወደቀ። እኔ ግድግዳውን እየዳበስኩ ወጣሁ።»

«በስልክዎ አያበሩም ነበር?»

«መኪና ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። ይልቅ ጄኔሬተሩን የሚጠብቀውን ፈሪድን ጠይቂው! ሀዋኒን እንዳያገባ የከለከለው ይኸው ሽማግሌ ነው።»

የፈሪድ ፊት ተለዋወጠ፤ ዓይኑን ግን አልሰበረም።

«አዎ፣ ከልክለውኛል። ጄኔሬተሩ ሲቆም ግን ከነዚህ አባቶች ጋር የአሱር ሶላት ላይ ነበርኩ። ስመለስ ናፍጣው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ማጥፊያው በሰው እጅ ተዘግቶ አገኘሁት።»

ሽማግሌዎቹ «አዎ፣ አብሮን ነበር» አሉ። ፀዳለ ወደ ሀዋኒ ዞረች።

«አባትሽና ጌታነህ ተጣልተው ነበር?»

«አምዱን በስቶ መብራት ሊሰቅልበት ፈለገ። አባቴ በሕይወት እያለሁ አይነካም ብሎ መሰርሰሪያውን ወንዝ ውስጥ ወረወረበት።»

ፀዳለ ለፈሪድ በጆሮው አንድ ነገር ነግራ ወደ ጄኔሬተሩ ላከችው። ሌሎቹን ይዛ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣች። ቢጫው መብራት ነጩን የኖራ ድንጋይ ከሥር እስከ ጣራ አልብሶታል።

«መብራት ሲጠፋ አስጎብኚ መጀመሪያ የሚያደርገው ባትሪውን ማብራት ነው፣» አለች። «የዘይነዲን ባትሪ ደህና ነው፤ ግን ጠፍቶ በተቆለፈ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ ሲወድቁ መብራት ነበር። ጄኔሬተሩ የተዘጋው ከሞቱ በኋላ ነው፤ አደጋ እንዲመስል። ፈሪድ ሶላት ላይ ነበር። አብሯቸው የነበረው ሰው ደግሞ በጨለማ ወጣሁ ይላል።»

«ግምት ነው!» ጌታነህ ጮኸ። «በግምት ሰው አይታሰርም!»

«እንግዲያው ያሳዩን።»

ፊሽካዋን ነፋች። ወዲያው መብራቱ ጠፋ። ሰው የገዛ እጁን የማያይበት ጨለማ ሆነ።

«እየዳበሱ ይውጡ፣ አቶ ጌታነህ።»

አንድ እርምጃ ተሰማ። ሌላ። ከእግሩ ሥር ጠጠር ተንሸራቶ ከታች ውሃው ውስጥ ጧ አለ።

«አብሩ! አልችልም! አብሩልኝ!»

«ታዲያ ቅድም እንዴት ቻሉ?»



«ልገድለው አላሰብኩም፣» አለ ጌታነህ። «ከአምዱ ፊት አልነሳም አለኝ። ገፋሁት።»

መብራቱ ሲመለስ በጌታነህ እጅ ካቴና ገባ። ሲወስዱት ወደ ሀዋኒ ዞረ።

«አባትሽ በከንቱ ሞተ። ነገ ሌላ ኮንትራክተር መጥቶ አምዱን ይበሳዋል።»

ሀዋኒ እንባዋን አልጠረገችም። ጀርባዋን ለአምዱ ሰጥታ ቆመች።

«ይምጣ፣» አለች። «እዚሁ ያገኘኛል።»